አማቼን የላጨው ቢላ

ቢላ መሳል አመሌ ነው። የፍቅረኛዬን የሄለንን አባት፣ ጋሽ ታደሰን፣ ልጃቸውን ለጋብቻ ከመጠየቄ በፊት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥሬ ሥጋ ጋበዝኳቸው። የምግብ ቤቱ ቢላ ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይዶለድማል። ስለዚህ ሁለት ቀን ድንጋይ ላይ አሽቼ ስለቱን ያሳሳሁትን የራሴን ጠንካራ ቢላ ይዤላቸው ሄድኩ።

ጋሽ ታደሰ ሥጋውን ነክሰው ቢላውን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ሥጋው ተቆረጠ፤ ግማሽ ሪዛቸውም አብሮ ሳህኑ ላይ ወደቀ።

«ማነው የሳለው?» አሉ፣ የተረፈውን እየዳበሱ።

«እኔ አይደለሁም! መንገድ ላይ ቢላ የሚስል ፉንዲ ነው!» አልኩ፤ ፉንዲ በስዋሂሊ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። አብራን የተቀመጠችው ሄለን ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ጋሽ ታደሰ ስለቱን በአውራ ጣታቸው ሞከር አደረጉና ፈገግ አሉ። «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው! ለመሆኑ ይሄ ፉንዲ አግብቷል?»