ቀድሞ የሚከፈት በር

የወባ መድኃኒት ረጪዎች ሲመጡ፣ አጎቴ በራቸውን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። ፍራሹን፣ ድስቱን፣ ሳጥኑን ደጅ ያወጡና «ከእኔ ጀምሩ!» ይላሉ። የደቻቱ ወንዝ ዳር ሰፈራችን ቆሞ ያያል። እሳቸው እዚያው ቤት ተኝተው በደህና ሲነሱ፣ በማግስቱ ሁሉም ዕቃውን ያወጣል።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር የሚያምነው ግን ድምፅ ማጉያውን ነበር። «በሩን የዘጋ የአብዮቱ ጠላት ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ አጎቴ፣ «አቦ ልጄ፣ የፈራ ሰው ሲጮሁበት በሩን ያጠብቃል እንጂ ይከፍታል እንዴ?» ይሉታል። አንድ ቀን ሰምቷቸው አያውቅም።

አጎቴ በሞቱ በሳምንቱ፣ ገና ለቅሶ ላይ ሳለን፣ ሊቀ መንበሩ ቤቱ የቀበሌ ነው ብሎ አስወጣንና አሸገው። የተረፈን ሐዘኑ ብቻ ነው።

ትናንት ረጪዎቹ መጡ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወደ አጎቴ በር ዞሮ ጠበቀ። የሚከፍት የለም። ከዚያ አንዱ በሩን ዘጋ፣ ጎረቤቱም ተከተለው፣ መንደሩ ጭር አለ።

ሊቀ መንበሩ ማጉያውን አፉ ላይ ደግኖ፣ «ማነው ያሳደማችሁ?» እያለ ይጮሃል። ከጀርባው የአጎቴ በር አለ፤ በሩ ላይ የራሱ ማኅተም።