የደርብ ቤቱ ልጅ

ልጅ ሳለሁ የቀናሁበት ልጅ የሚኖረው ተረት ውስጥ ነበር። እንዲህ ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ የሆነውን እንደሆነ ልናገር።

የካ፣ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት ሲጀምር፣ በግቢያችን ጥግ ባለች አንዲት ክፍል አባባ ተካ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ይኖሩ ነበር። አገራቸው ላሊበላ ነው። አባቴ ኦጋዴን ዘምቶ አልተመለሰም፤ ስለዚህ በግቢያችን አዋቂ ወንድ ማለት እርሳቸው ነበሩ። ያኔ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሰው ሁሉ በጊዜ ቤቱ ይከተታል። እኔና ታናሽ እህቴ አስካለ ራታችንን እንደበላን ግቢውን በሩጫ ተሻግረን እርሳቸው ዘንድ እንገባለን። ክፍሏ መብራት አልገባላትም። ኩራዙ ግድግዳው ላይ የለጠፈው ጥቀርሻ፣ ዓይን የሚያስለቅሰው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ጭስ፣ ካፖርታቸው ላይ የተጋገረው የድንጋይ ብናኝ፣ ሽታው ሁሉ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ፍሙን የሚቆሰቁሱት ድንጋይ ሲጠርቡበት ኖረው ባጠረ አሮጌ መሮ ነበር። ቆስቁሰው፣ አንዱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው አሸት አሸት ያደርጋሉ፤ የድንጋይ ፍንጣሪ ገብቶበት ደክሞ ነበር። ከዚያ ይጀምራሉ።

ተረታቸው ሁሉ የአንድ ልጅ ነበር። ስሙ ደምሴ ነው። ደምሴ እንደ እኛ በጭቃ ቤት አይኖርም። የእሱ ቤት ክብ ነው፤ ከቀይ ድንጋይ የተገነባ፣ ባለ ደርብ፣ ጣሪያው ሣር። ከታች በጎችና አህያይቱ ያድራሉ፣ ከላይ ሰው። ወደ ደርቡ የሚወጣው በውጭ በኩል በግድግዳው ላይ በተጠመጠመ የድንጋይ ደረጃ ነው። ማታ ማታ አያ ጅቦ ይመጣና ደረጃው ሥር ቆሞ ድምፁን እያቀጠነ፣ «ደምሴ፣ አያትህ ነኝ፣ ክፈትልኝ» ይላል። ደምሴም ከላይ ሆኖ፣ «አያቴ ከሆንሽ የሚነቃነቀው ስንተኛው ደረጃ ነው?» ይለዋል። ያን የሚያውቅ የቤቱ ሰው ብቻ ነው። ጅቡ ይገምታል፣ ይወጣል፣ ድንጋዩ ይከዳዋል፣ እየተንከባለለ በጎቹ በር ላይ ዘጭ ይላል። አስካለ ስትስቅ እንቅ እንቅ ይላት ነበር።

«ስንተኛው ነው አባባ?» እላቸዋለሁ።

«እሱን ደምሴን ጠይቀው» ይሉኛል።

እኔ አልስቅም ነበር። ለምን ደምሴ ይሆናል እያልኩ አስባለሁ። የተፈጠረ ስም ከሆነ የእኔን ስም ቢያስገቡበት ምናቸው ይጎዳል? ግርማ ብለው ቢጀምሩስ? ጭራሮ የምለቅምላቸው እኔ፣ ውሃ የምቀዳላቸው እኔ። አንድ ቀን አፍ አውጥቼ ጠየቅኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «ተረት ባለቤት አለው ልጄ» አሉኝ። አልገባኝም።

ዘጠኝ ዓመት እንደሞላኝ፣ ለገና አገራቸው ሊሄዱ ተነሡና እናቴን፣ «ዓይኔ ደክሟል፣ ይህ ልጅ በመንገድ ዓይን ይሁነኝ» አሏት። ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሰጠን። ከመነሣታችን በፊት ከእናቴ ጋር በር ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ አይቻለሁ፤ እናቴ፣ «ከግርማ ጋር ነው የሚተኛው፤ እሱን ይጠይቁት» ስትል ብቻ ሰማሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ወልዲያ ድረስ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። በየኬላው ወረቀቱን የማሳየው እኔ ነበርኩ። ዓለም የእኔ መሰለችኝ።

ከተማይቱን ሳያት አፌ ተከፈተ። ቤቶቹ እውነት ክብ ናቸው፣ እውነት ቀይ ናቸው፣ ዳገቱ ላይ አንዱ በአንዱ ትከሻ አሻግሮ የሚያይ ይመስላል። ተሠርተው ሳይሆን ከአለቱ በቅለው ነው የሚመስሉት። አባባ ተካ በበትራቸው እየጠቆሙ፣ «ያቺ ናት» ሲሉኝ ሳልጠብቃቸው ሮጥኩ። ያንን ቤት በልቤ ስንት ጊዜ ወጥቼበታለሁ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ስረግጥ ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ተገለበጠና ጉልበቴ ተልጦ እየተንከባለልኩ በጎቹ በር ላይ ወደቅኩ።

ከላይ ሳቅ ሰማሁ።

«አያ ጅቦ! አምስተኛው ነው የሚነቃነቀው፣ አያ ጅቦ!»

ቀና ስል በሩ ላይ አንድ ልጅ ቆሟል። ራሱ ተላጭቶ ቁንጮ የተተወለት፣ ከእኔ ትንሽ ያጠረ። ከኋላዬ አባባ ተካ እያለከለኩ ደረሱና፣ «ደምሴ፣ እንግዳ ነው፣ አይሳቅበትም» አሉት።

ደምሴ ሰው ነበር። የልጃቸው ልጅ ነበር። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞታ አያቱ፣ የአባባ ተካ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ አሳደጉት። ጅቡ ደግሞ እኔ ሆንኩ።

ያን ምሽት ደርቡ ላይ እሳት ተቀጣጠለ። ደምሴ ራሱን የአባባ ተካ ጭን ላይ አድርጎ ተጋደመ። እርሳቸው አንድ ሲሉ እሱ ሁለቱን ይላል፤ ተረቱን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። እማማ ጥሩነሽ፣ «ይህን ሁሉ ሳይረሱት ኖረዋል?» አሏቸው።

«በየምሽቱ ለሌሎች ልጆች እያወራሁ ለእሱ አቆየሁለት» አሉ።

ሌሎች ልጆች። እኔና አስካለ ማለት ነው። ጉልበቴ ላይ የለጠፉልኝን ጨርቅ እያፍተለተልኩ ጭሱን አመካኝቼ አለቀስኩ። ቅናት ምን እንደሚመስል ዛሬ ሰባኪዎች ሲያስተምሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን በዘጠኝ ዓመቴ ደርብ ላይ ተቀምጬ አውቄዋለሁ።

በገና ዋዜማ ምእመናን ነጭ ለብሰው ዳገቱን ሞልተውት ሳለ እኔም ተንበረከክሁ። ሰው ሁሉ ኃጢአቴን ይቅር በለኝ ሲል የእኔ ልመና ሌላ ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ከተረቱ የእሱን ስም አውጣልኝ፣ የእኔን አግባልኝ።» ከዚያ በፊት ጸልይ ተብዬ እንጂ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም። የመጀመሪያው ይኸው ነው።

ከበዓሉ በኋላ የግድግዳው አንድ ወገን አብጦ ስለነበር አባባ ተካ አፍርሰው ይጠግኑት ጀመር። እኔና ደምሴ ድንጋይ እናቀብላለን። ደምሴ ሊታረቀኝ ይሞክር ነበር፤ «ጅቡ ጎበዝ ሠራተኛ ነው» እያለ ይነካካኛል። እኔ ድንጋዬን ብቻ አቀብላለሁ። ሽማግሌው አንድ ድንጋይ በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ድንጋይ ከጎረቤቱ ካልተስማማ ጭቃ አያስታርቀውም» አሉ። ከዚያ ድንጋዩን አስገብተው የቆየውን ጎረቤቱን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርጉት ጠጋ አለለት። ደምሴን ውሃ አምጣ ብለው ላኩትና ወደ እኔ ዞሩ።

«ግርማ፣ ይህን ልጅ አዲስ አበባ ወስጄ ትምህርት ቤት ላስገባው አስቤ ነበር። የእኔ ክፍል እንደምታውቃት ናት። እናትህ ከአንተ ጋር ይተኛ ብላለች። አንተስ ምን ትላለህ?»

እኔ የምተኛው አባቴ ይተኛበት በነበረው አልጋ ነው። ለሁለት ቀርቶ ለሦስት ልጅ ይበቃል።

«አልጋው ይጠባል አባባ» አልኩ።

የዚያን አልጋ እግር ሲሰበር የጠገኑት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። ስፋቱን ያውቁታል። ረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። «እንግዲያው ለከርሞ ይሁን፤ አንተም ታድጋለህ» ብለው ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ።

ስንሄድ ደምሴ አምስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ፣ ድንጋዩን በእግሩ እያወዛወዘ ሸኘን። «አያ ጅቦ፣ ሌላ ጊዜ ስትመጣ ስድስተኛውን አነቃንቄ እጠብቅሃለሁ» አለኝ። ልስቅ ፈልጌ አልሳቅኩም።

ለከርሞ አልሆነም። ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው፤ ቀበሌም ወረቀት ከለከለ። ቀጥሎ ድርቁ መጣ። ሦስት ዓመት አልፎ ነበር፤ ከአገራቸው የመጣ አንድ ሰው ከእናቴ ጋር እርሳቸው ክፍል ገባ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። እማማ ጥሩነሽ መንገድ ላይ አረፉ አለ። ልጁ ግን ከሰው ጋር በእግሩ ወልዲያ መጠለያ ደርሶ ነበር አለ። እዚያ ትኩሳት ያዘው፤ አልተነሣም አለ። «ቤቱስ?» አሉ አባባ ተካ፤ ሌላ የሚጠይቁት ያጡ ይመስል። «ቤቱ እንዳለ ነው» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ስንት ወር ተረት አልነበረም። እኛ እንሄዳለን፤ ፍሙን እያየን ቁጭ ብለን እንመለሳለን። አንድ ምሽት አስካለ ገና ልጅ ነበረችና፣ «አባባ፣ የጅቡን ይንገሩን» አለቻቸው። በመሮው እሳቱን ቆሰቆሱ። ኩራዙ ጭል ጭል ይላል። ዓይናቸውን አሸት አድርገው ጀመሩ፤

«ከዕለታት አንድ ቀን፣ ግርማ የሚባል ልጅ ነበር...»

ጸሎቴ ተሰማ ማለት ነው። ስሜ ገባ። በድንጋዩ ቤት፣ ደርቡ ላይ፣ በደምሴ ቦታ ተቀመጠ። ጅቡ መጥቶ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ግርማ፣ ክፈትልኝ» ሲል መታገሥ አልቻልኩም።

«አባባ» አልኳቸው፤ «ደምሴ ይበሉት። ደረጃውን የሚያውቀው እሱ ነው።»

ፍሙ ውስጥ አንድ ጭራሮ ጠስ አለ። ከዚያ፣ «እሺ። ደምሴ» አሉና ከዚያ ማለፍ አቃታቸው። አስካለ ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አባባ ተካን እንጦጦ ሥር ቀብረናቸዋል። ያን አልጋ አንድም ቀን አላነሡብኝም። አንድ ጊዜ ጎልምሼ ጉዳዩን ልናዘዝላቸው ብጀምር፣ «ልጅ ነበርክ» ብለው እጄን መታ መታ አደረጉኝ። ልጅ ነበርኩ፤ እውነት ነው። ለእግዚአብሔርም ስንት ጊዜ ነገርኩት። ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፤ አልጋው ግን ሰፊ ነበር። ያን ማጥበብ ማንም አይችልም።

ዛሬ ለልጅ ልጆቼ ተረቱን ስነግር ደምሴ ነው የምለው። ስንተኛው ደረጃ ነው ሲሉኝ አምስተኛው እላቸዋለሁ፣ አልደብቅም።

ጸሎት ላይ የምለምነውን ሁለት ጊዜ አስቤ ነው የምለምነው። ከመገናኛ ወደ የካ ስመለስ ደግሞ የታክሲው ረዳት፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ሰው ሁሉ ያጉረመርማል፤ ሞልቷል፣ የት እንጠጋ ይላል። እኔ ግን መስኮቱ ትከሻዬን እስኪጎዳኝ እጠጋለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት፣ «ይበቃል አባባ፣ በቃኝ» አለኝ። ትንሽ ደግሞ ጠጋ አልኩለት።