የአጥናፉ የእንጨት ሰዎች

አጥናፉ ወገዳ ውስጥ በርና የሬሳ ሣጥን የሚሠራ አናጢ ነበር። ትውልዱ እስቴ ነው፤ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን እድሳት ተጠርቶ መጥቶ በዚያው ቀረ። ዝምተኛ፣ ግትር፣ ሲበዛም ነጭናጫ ሰው ነው። የገዛ ወንድሙ የተጣመመ ሳንቃ አምጥቶ «እንዲያው ለእኔ ስትል ግጠመው» ቢለው እንደተሸከመው መልሶታል። «አጥናፉ እናቱ ብትመጣም አያደላ» ይባልለት ነበር። እኔ ውዴ፣ ከሥራ ቤቱ ጎን ሻይ ቤት ስለነበረኝ ሙገሳውም ሐሜቱም እኩል ይደርሰኛል።

ክረምት ሲገባ የወገዳ መንገድ ጭቃ ይሆንና መኪና ዝር አይልም። ሥራ ይቀዘቅዛል፣ የምንጫወተውም ይጠፋል። ካርታን ቀበሌው ቁማር ነው ብሎ ከለከለ። ገበጣ አጥናፉን ያንገሸግሸዋል። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ጊዜ የመጣ አንድ ተማሪ ቼዝ አስተምሮት ነበር፤ እሱንም አልወደደውም። «ስም የላቸው፣ አገር የላቸው። ዛሬ ጀግና የሆነው ነገ ያው እንጨት ነው» ይላል። ሁሉንም ሲያማርጥ ከርሞ በመጨረሻ የራሱን ጨዋታ አበጀ።

ከወይራ ቁራጭ አውራ ጣት የምታክል ሰው ይቀርጻል። አንዱን ትመርጥና ስም ታወጣለታለህ፣ አገሩንና የሚፈራውን ትናገራለህ። አጥናፉ ሳንቃ ላይ በከሰል ተራራውን፣ ጫካውንና የበሽሎን ወንዝ ይሥላል፤ ዘንዶው የት እንደተኛ፣ ሽፍታው የት እንደሸመቀ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። «ገደሉ አፋፍ ደርሰሃል፣ ምን ታደርጋለህ?» ይልሃል። ያሰብከውን ትናገርና ለሁለት ከተሰነጠቀ ሸምበቆ የተቆረጡ አራት ቁራጮች ትጥላለህ። ጎድጓዳ ሆዳቸውን ወደ ላይ ካደረጉ ቀናህ። አራቱም ከተደፉ ሰውህ ሞተ፤ ሙጫ የሚሞቅበት እሳት ውስጥ ይገባል። የኖረ ግን ያድጋል፤ ዘንዶ የገደለ ጋሻ ይጨመርለታል፣ ዳዊት የደገመ ጥምጥም፣ በሽሎን የተሻገረ በትር። ለዚያች በትር ብሎ አጥናፉ የሁሉንም ቀኝ እጅ ገና ከመነሻው ይበሳዋል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር አንድ ቀን መጥቶ ቆሞ አየና «ንጉሥ አለበት?» አለ። የለበትም አልነው። «እንግዲያው ቀጥሉ» ብሎ ሄደ።

የእኔ ሰው ነጋዴ ነበረች። ጋሻም ጥምጥምም በትርም ያወጣች፣ ከልብስ ሰፊው ከመንግስቴ ቀበጥባጣ አዳኝ በስንት እጥፍ የምትበልጥ ሴት። አንድ ቀን ጫካ ውስጥ አራቱም ሸምበቆ ተደፋብኝ። ለመንኩት፣ ሰደብኩት፤ አንስቶ እሳቱ ውስጥ ጨመራት። ተናድጄ ስንት ቀን ሻይ ከለከልኩት።

አያ ጥላዬ ሸማኔው ግን በጨዋታው ሰው ሞቶባቸው አያውቅም። ሚስታቸው ሞታ በቤታቸው ያለ አንድ ልጃቸው ማንም አልነበራቸው፤ እሱም ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ልጁ ደምሌ ይባላል። አያ ጥላዬ ከእንጨቶቹ መካከል ታናሹን መረጡና «ደምሌ» አሉት። በሽሎ ዳር አድርሰውት ቆሙ። ዙሩ ሲደርሳቸው «የእኔ ዛሬ አይሻገርም» ይላሉ። መንግስቴ ያሾፍባቸዋል፣ እኔም አልቀርም። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉናል። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ፤ የደምሌ እጅ እንደተበሳ ባዶውን ቀረ።

በሰባ ዘጠኝ ነሐሴ ከደምሌ ጋር የዘመተ አንድ የስማዳ ልጅ ቆስሎ በምርኩዝ ተመለሰ። መርዶ ይዞ ነበር። ደምሌ ተከዜን ተሻግረው በገቡበት ውጊያ ወድቋል። ሽማግሌዎቹ ቁስለኛውን ቶሎ ወደ እናቱ መንደር ሰደዱት፤ ለአያ ጥላዬ እህት ለአሰለፈችም አርብ ገበያ ከተማ ድረስ ሰው ላኩ። በእኛ አገር መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገር። እስከዚያ ሁሉም እንደ ወትሮው ይሁን ተባልን። እንደ ወትሮው ማለት ደግሞ ከሰዓት አጥናፉ ቤት ጨዋታ ነው።

አያ ጥላዬ ዝናብ እንደመታቸው ገቡ። ፊታቸው በርቷል።

«ሰምታችኋል? ከደምሌ ጋር የሄደው ልጅ ገብቷል አሉ። ነገ ሄጄ እጠይቀዋለሁ» አሉ። «የሰው ልጅ ከተመለሰ የእኔስ ምን ያግደዋል? ዛሬ አሻግረዋለሁ!»

መንግስቴ አቀረቀረ። እኔ የሻዩን ብርጭቆ የማጥብ መሰልኩ። አጥናፉ ብቻ በዚያ ደረቅ ድምፁ «ውሃው ሞልቷል፣ አያ ጥላዬ። ቢቆዩ አይሻልም?» አላቸው።

«እስካሁን አይሻገርም ወይ ስትሉኝ ከርማችሁ!» ብለው ሳቁና ጣሉ።

አራቱም ተደፉ።

የአጥናፉ እጅ ሸምበቆዎቹ ላይ አረፈ። «አንዷ ሳንቃውን ነክታ ነው የተገለበጠችው» አለ። «አይቆጠርም። እንደገና ይጣሉ።»

አያ ጥላዬ አልጣሉም። አጥናፉን አዩት፤ ቀጥለው መንግስቴን፣ ቀጥለው እኔን። ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

«የውዴን ነጋዴ ስታቃጥል ነክታለች አላልክ» አሉ ቀስ ብለው። «ለወንድምህ ያላደላህ ሰውዬ፣ ዛሬ ለእኔ አደላህ?»

አጥናፉ ሸምበቆዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።

«ልጄ ሞቷል?»

አጥናፉ አለቀሰ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ መርዶን በጨዋታ ቤት አወጣህ ብለው በጣም ተቆጡት። ልክ ነበሩ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ልፈርድበት አልቻልኩም።

በማግስቱ አሰለፈች ደርሳ ለቅሶው ሲጀመር ለሟቹ መታሰቢያ የሚወጣ ነገር ተፈለገ። ደምሌ ያለችውን አንድ ልብስ ለብሶ ነው የሄደው፤ ፎቶም አልነበረው። አያ ጥላዬ ከጋቢያቸው ሥር ትንሿን እንጨት አውጥተው ለአጥናፉ ሰጡት። «ልጄ ተከዜን ተሻግሯል» አሉት። «የሚገባውን ስጠው።»

አጥናፉ ቢላውን አወጣና እዚያው ለቀስተኛው መሃል ተቀምጦ ከወይራ ስንጣሪ በትር ጠረበ። በደምሌ ቀኝ እጅ ቀዳዳ ውስጥ ሰካት። ነጭ ነጠላ አንጥፈን ደምሌን ከነበትሩ አስቀመጥነውና አለቀስንለት።