ከማዶ መልስ ሲጠፋ

አያቴ ነገር ሲበላሽባቸው ማንንም ሳይወቅሱ፣ «መጀመሪያ ከእኛ በኩል እንይ» ይሉ ነበር። ጃንሆይ ደብረ ታቦር ከትመው ሳሉ ወታደር በየቤቱ ይሰፍር ስለነበር፣ አያቴና ከሸለቆው ማዶ ያሉት ወንድማቸው በየጧቱ ቀንድ እየነፉ ደኅንነታቸውን ይጠያየቁ ነበር።

አያቴ እግራቸው ከከዳቸው በኋላ ግን ከአልጋቸው ሆነው ቢነፉ መልስ ጠፋ። እኔ ወንድማቸው ሞተው ይሆናል ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ቀንዱን ዳብሰው ስንጥቅ አጡበት። በሩን አስከፍተውኝ ደግመው ነፉ፤ አሁንም መልስ የለም። «ድምፁን የሚያስቀረው ግድግዳው ነው፤ ወደ ማዶ በሚያየው በኩል ቀዳዳ አብጂ» አሉኝ። በቀዳዳው ሲነፉ መልሱ መጣ፤ አያቴም ሳቁ።

ባለፈው ሳምንት አረፉ። መርዶውን ይዤ ሸለቆውን ስሻገር ወንድማቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። አፌን ሳልከፍት፣ «ዛሬ ሦስት ጊዜ ነፍቻለሁ፤ አውቄዋለሁ ልጄ፣ ቁጭ በይና እረፊ» አሉኝ።