አስቴር የፈረመችበት መስመር

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤታችን አቶ ማቴዎስ ኑዛዜ ሊናገሩ ነው ተብሎ ተጠራሁ። ሰውዬው ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ነግደው የተመለሱ ናቸው፤ እዚያ ቤት አላቸው፤ አሁን ልባቸው ደክሟል። እኔም ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። የሶዶ ዳገትና ቁልቁለት ለኔ ቢጤ የሚሆን አይደለም። ለዚያች ቅርብ መንገድ ባጃጅ መጥራት ደግሞ አሳፈረኝና እያነከስኩ ሄድኩ።

ሳሎኑ ጢም ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወንበር ላይ፣ እኛ ሴቶቹ አግዳሚው ላይ ተደርድረናል። ጠረጴዛው ላይ ከዚያ አገር ጠበቃ የመጣ የእንግሊዝኛ ወረቀት ተቀምጧል፤ ግርጌው ላይ ለምስክር ሁለት መስመር አለው። ተጸለየ። አቶ ማቴዎስ ቤቱን ለባለቤታቸው ለብርሃኔ መስጠታቸውን ተናገሩ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ይሄኔ ብርሃኔ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ብዕሩን አነሳች።

«ኧረ በጌታ! አስቀምጪው!» አልኩ።

ዕድሜዬን ክፍል ውስጥ ስጮህ የኖርኩ አስተማሪ ነኝ፤ ድምፄ ሲወጣ ልኩን አላውቀውም።  አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «መምህርት፣ ምን ነካሽ? ባል ለሚስቱ ቢሰጥ ምን ከፋሽ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? አክስቴን አስቴርን አያውቋትም። ነገሩን ለማስረዳት ስነሳ ገና ከመጀመሬ ደከመኝ። ዛሬ እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ባጭሩ የነገርኳቸውን ነው፤ በጽሑፍ ቢያንስ የሚያቋርጠኝ የለም።

ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ማስተማር የጀመርኩበት ዘመን ነው። አባቴ የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ እኛ ባይራ የምንለው ነበር፤ በወላይታ ባይራ ሳይስማማ የቤተሰብ ነገር አይጸናም። ከሱ ቀጥሎ አክስቴ አስቴር፣ መጨረሻ ላይ አጎቴ ጴጥሮስ። እናታቸው የሞተችው ጴጥሮስ ጡት ሳይጥል ነው። አስቴር ራሷ ልጅ ነበረች፤ ቢሆንም አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ለትዳር የጠየቋትን ሁሉ «መጀመሪያ ይሄ ይቁም» እያለች መለሰች። እሱ ቆመ፤ እሷ ግን ጊዜው አለፋት፤ ቦዲቲ ውስጥ ከገበያው ጀርባ ብቻዋን ቀረች። ጴጥሮስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲነሳም ላሟን ሸጣ ነው የሸኘችው።

እዚያ ሠራ። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ የሆነ ቤት ገዛ። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። ኩላሊቱን ታሞ ሲመለስ የኪራይ መኪና ይዘን ሶዶ ላይ የጠበቅነው እኛ ነን፤ እሱ ግን «ወደ እቴ ውሰዱኝ» አለ። እቴ የሚላት አስቴርን ነው። ሐምሌ ነበር። የቦዲቲ ጭቃ መኪናችንን ይዞ አልለቅ ብሎ፣ በሽተኛውን ሁለት ሰው ደግፎት በእግሩ ነው ደጇ የደረሰው። እሷ ጎደሬ ቀቅላ፣ ዳጣ አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ሐኪም ቅመም ከልክሎታል ብንላት «የኔ ዳጣ ገድሎት አያውቅም» አለችን።

ሕመሙ እንደማይለቀው ሲያውቅ ለሸሪኩ ደወለ። ሸሪኩ የኛው አገር ልጅ ነው፤ እዚያ ሱቁን ይጠብቅለት ነበር። ጠበቃ አነጋገረና ወረቀቱን በሚመጣ ሰው እጅ ላከ። እንግሊዝኛ የምችል እኔ ነበርኩና ለተሰበሰበው ሰው ቃል በቃል አንብቤ፣ በአማርኛም በወላይትኛም ተናገርኩ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቤቱ ከነሱቁ ለእህቴ ለአስቴር ይላል። ግርጌው ላይ ሁለት ምስክር ይፈርሙ ይላል። ማን ይፈርም፣ ማን አይፈርም አይልም።

«ሁለት ብቻ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «እነዚያ ሰዎች ጎረቤት የላቸውም እንዴ? ይሄ ሁሉ ሰው ጭቃ ረግጦ የመጣው ለሁለት መስመር ነው?»

ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ግን በቁም ነገር ተመከረ። በእኛ ዘንድ ስጦታ ስጦታ የሚሆነው የተሰጠው ሰው መካከል ላይ ቆሞ፣ ሁሉ እያየው፣ ተቀብያለሁ ሲል ነው። ዝም ብሎ ከቀረ አልተሰጠውም፤ ነገ የሚከራከር ይመጣበታል። ስለዚህ መስመሩ ሁለት ብቻ ከሆነ ለማን እንደሚገባ ማንም አልተጠራጠረም። አንዱ ለባይራው ነው፤ እሱ ካልተስማማ አይጸናም። ሁለተኛው ለተቀባይዋ። የቀረነው አሜን እንላለን። እንዲያውም ወረቀቱ የእኛን ነገር አውቆ ልክ በልክ ያዘጋጀው መስሎን ተደሰትን።

መጀመሪያ ጴጥሮስ፣ ቀጥሎ አባቴ ፈረመ። አስቴር በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥራለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስሟን የምትጽፍበት ጉዳይ ገጥሟት አያውቅም። ጴጥሮስ ትራሱ ላይ ቀና ብሎ «አውራ ጣት አይደለም፤ ስሟን ስትጽፍ ልያት» አለ። አስቴር ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ መካከል ላይ ቆማ በወላይትኛ ተቀብያለሁ አለች። ተንበርክካ፣ ወረቀቱን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ጻፈች፤ አ፣ ስ፣ ቴ፣ ር። የቴ እግር ከመስመሩ ወርዶ ነበር። ጴጥሮስ ጎኑን ይዞ ሳቀ፤ «እቴ፣ መስመሩን ረገጥሽው!» አላት። ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ለመስከረም፣ ለጊፋታ በዓላችን፣ ሳይደርስ ቀበርነው።

ወረቀቱን መልሰን ልከን፣ ሐዘኑም ካለፈ በኋላ ቴሌ ጥሪ አለሽ ተብዬ ሄድኩ። የዚያን ጊዜ ቴሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንጨት ሳጥን ውስጥ ገብቶ መጮህ ነው። ሸሪኩ ነበር።

«እህቴ፣ ጠበቃው ወረቀቱን አየው» አለኝ። «የሚወርስ ሰው እዚህ አይመሰክርም። አስቴር ምስክር ሆና ስለፈረመች ለሷ የተባለው አይጸናም። ጴጥሮስ ኑዛዜ እንደሌለው ሰው ነው የሚቆጠረው። ሚስትም ልጅም ስለሌለው ቤቱ ለወንድሙና ለእህቱ እኩል ነው።»

«እሷ እኮ ተቀባይዋ ናት!» አልኩ። «ሳትፈርም እንዴት አድርጋ ትቀበላለች?»

«እዚህ የሚቀበል ሰው ከክፍሉ ይወጣል፤ ምን ላድርግሽ?»

ከዚያ ሳጥን ስወጣ ላብ አጥምቆኛል። እነሱ አገር የሚጠረጠረው መካከል ላይ የቆመው ሰው ነው፤ እኛ አገር የሚጠረጠረው የቀረው ነው። ሁለቱም ያው ሌባን ፈርተው ያወጡት ሕግ ነው። የተያዘችው ግን ሌብነት በሕልሟም ያልዞረባት አስቴር ሆነች። ተናደድኩ፤ በማን ላይ እንደምናደድ ስለማላውቅ መንገድ ላይ ያገኘኝን ሰው ሁሉ ሰላም ሳልል ቤቴ ገባሁ።

ለአባቴና ለእናቴ ነገርኳቸው።  እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። አትፍረዱባት፤ የኛ ጣሪያ ያኔ ዝናብ በየት እንደሚገባ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀው ጣሪያ ነበር፤ ታናሽ ወንድሜም ትምህርቱን ሊያቋርጥ ተቃርቧል።

«ሕጉ ነው የሰጠህ» አለችው። «አልሰረቅህ፣ አልቀማህ። ግማሹ የሷ ነው፣ ግማሹ ያንተ። አንተስ ወንድሙ አይደለህም?»

«ነኝ» አለ።

«ታዲያ?»

ተነስቶ ወጣ። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ማታ እራት ይቀርባል፣ ይበላል፣ የቤቱ ነገር አይነሳም። አስቴር ከቦዲቲ አልመጣችም፣ ሰውም አልላከችም። ሰምታለች። ወንድሟ ምን እንደሚያደርግ ትጠብቃለች፤ መጠየቅ ደግሞ ሞቷ ነው። እኔ ሳልዋሽ ልናገር፣ ልቤ ሁለት ነበር፤ ጣሪያችንንም አይቻለሁ፣ አስቴር ተንበርክካ ስትጽፍም አይቻለሁ። አንድ ማታ አባቴ ሳህኑን ገፋ አድርጎ እናቴን ቀና ብሎ አያት።

«አሜን ብያለሁ» አላት። «እሱ ሲሰጣት፣ በገዛ አፌ፣ በሰው ፊት አሜን ብያለሁ። በዚያው አፍ የሷን ግማሽ ልበላ ነው? ጊፋታ ሲመጣ ሥጋውን በየትኛው አፌ ነው የምጎርሰው?»

እናቴ አለቀሰች። ቀጥላ ተነስታ፣ አዲስ አበባ ሲሄድ የሚለብሰውን ኮት ማጠብ ጀመረች።

ድርሻውን ለእህቱ መልቀቁን አዲስ አበባ ሄዶ መፈረም ነበረበት፤ የዚያ አገር ኤምባሲ ማኅተሙን የሚያረጋግጠው እዚያ ነው። ከሶዶ ጎሕ ሳይቀድ ተነሳን፤ አስቴርን ቦዲቲ ላይ ጫንናት። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛለች። አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። ሻሸመኔ ላይ ቆጮውን ፈትታ በእጇ ቆርሳ አጎረሰችው። እሱም እንደ ልጅ አፉን ከፈተላት። ምሥጋናዋ ይሄ መሆኑ ገብቶኛል፤ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

የውልና ማስረጃ ቢሮው ፎቅ ላይ ነው። ወረፋው ሲያንገላታን ውሎ ከሰዓት በኋላ ደረሰን። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አባቴ ፊት አደረገችና «ምስክሮች ቅረቡ» አለች። ምስክሮቹ እኔና አዲስ አበባ የሚኖር አንድ የቦዲቲ ሰው ነበርን። ገና አንድ እርምጃ ሳንራመድ አስቴር ከኋላችን ወጥታ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ብዕር ነበር። ራሷ ገዝታ ይዛው መጥታለች።

አባቴ እጇን ያዘ። «አስቴር» አላት። «አንቺ ውጪ ቆዪ።»

«ውጪ?»

«ውጪ ቆዪ፣ እህቴ።»

አክስቴ በዕድሜዋ የቤተሰብ ነገር ሲነገር ከደጅ ቀርታ አታውቅም። እናቷ ስትሞት እዚያው ነበረች፣ አባቷ ርስት ሲያካፍል እዚያው፣ ጴጥሮስ ሲናዘዝ እዚያው። ብዕሯን መልሳ ቋጠረች፣ ወጣች። ጨርሰን ስንወጣ ደረጃው ላይ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀምጣለች። አባቴ «አለቀ፤ ቤቱ ያንቺ ሆነ» አላት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። ተቀብያለሁ አላለችም።

ቤቱ በስሟ ሆነ፤ ሸሪኩ ኪራዩን እየላከላት ኖረች። ከዚያው ላይ የኛን ጣሪያ ያስቀየረች እሷ ናት፤ እናቴን እንቢ ማለት አይቻልሽም ብላ በግድ። ወንድሜንም አስተማረች። ሰው ሁሉ ጴጥሮስ እንዴት ያለ ቤት ሰጣት ሲል ግን ታርመው ነበር። አንድ ቀን በቆሎ እየፈለፈልን «አክስቴ፣ ለምን እንዲህ ትያለሽ? የጴጥሮስ እኮ ነው» አልኳት።

«የለም» አለችኝ። «ግማሹን የሰጠኝ ሕግ ነው፣ ግማሹን የሰጠኝ ባይራው ነው። ጴጥሮስ የሰጠኝን በገዛ እጄ ጽፌ አጠፋሁት። ያ ልጅ ምንም ሳይሰጠኝ ሞተ ይላል ወረቀቱ።» ፍሬውን ከቆረቆንዳው እየለየች ቆየችና ጨመረች፤ «ሰጥቶኝ ነበር እኮ።»

እስክትሞት ድረስ ሌላ ጊዜ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት የጮህኩት ለዚህ ነው። ነገሩን ለአቶ ማቴዎስ ሳሎን ካስረዳሁ በኋላ ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁለት ተመረጡ። ብርሃኔ ብዕሩን አስቀምጣ ቆማ ቀረች። «ታዲያ እኔ የት ልሁን?» አለች። ሽማግሌው በእጃቸው በሩን አሳዩዋት። ወጣች። በሩ ሲዘጋ ያየሁት ጀርባዋን ነው።

ተነሳሁ። «መምህርት፣ አንቺ ደግሞ ወዴት?» አሉኝ ሽማግሌው። ጉልበቴ እየተንቋቋ ተከትያት ወጣሁ። የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምነሳ ደግሞ እንጃ፤ ያኔ አልታሰበኝም። ከውስጥ የወረቀቱን ቃል በአማርኛ ሲያነቡ ይሰማል። የአቶ ማቴዎስ ድምፅ ደክሟል፤ ግን «ለባለቤቴ ለብርሃኔ» ሲሉ ጥርት ብሎ ወጣ።

«ተነሺ» አልኳት።

«እዚህ? ማን ያየኛል?»

«እኔ አይሻለሁ።»

ተነሳች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፊቷን ወደ ተዘጋው በር አዙራ፣ ጮክ ብላ፣ በወላይትኛ፣ ተቀብያለሁ አለች።  ከዚያ የባሏ ድምፅ በበሩ በኩል አሜን ሲል ሰማን።