ጠርዙ ላይ የነበረው ማኅተም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እየዘረዘርኩ፣ ይህችን ብቻ ከምላሴ ሥር ሸሽጌ፣ ስንት ጊዜ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብዬ ወጥቻለሁ።

ቀናሁ። ቃሉን ላሳምረው አልፈልግም። በሰላማዊት ቀናሁ።

እዚህ በስደት፣ ግሮቭፖርት ከተማ፣ አንድ የዕቃ ማሸጊያ ዌርሃውስ አብረን ሠርተናል። እኔ ዕድሜዬ ከገፋ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ፣ በብሬክ ሰዓት መኪና ውስጥ እያጠናሁ ተመርቄ፣ የኤምዲኤፍ ሰርተፊኬት አጣሪ ሆንኩ። ኤምዲኤፍ ከእንጨት ብናኝና ከሙጫ የተጨመቀ ሰሌዳ ነው፤ ሙጫው ክፉ ከሆነ ቤት ውስጥ ለደረት የማይበጅ ጋዝ ይተፋል። እሷ ስምንተኛ ክፍልን እንኳ ያልጨረሰችው፣ ሥራ ለቃ ሬይኖልድስበርግ ውስጥ ካቢኔት ቤት ከፈተች። ሳቋ ቀድሟት ነው በር የሚገባው። ለሁሉም «ሰላምዬ» ነች። እኔ «እትዬ» ነኝ። ለእሷ ያለ ንባብ፣ ያለ ፈተና የተሰጣት ነገር ለእኔ ለምን ተነፈገ? እያልኩ አድር ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል መደርደሪያና ቁምሳጥን ሲያስፈልገው፣ ወላጆች ሥራውን ለእሷ አሰቡ። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ስለሆነ ሰሌዳውን ቀድማ ገዛች። እኛ ደግሞ የዕቃውን ወረቀት ከማንበብ ያነበበውን ሰው መጠየቅ ይቀለናል፤ የወላጆች ሰብሳቢው ጋሼ ታደሰ ኮል አደረጉልኝ። «ሄደሽ እይው። አንቺ ካልሽ አለቀ» አሉኝ።

ሄድኩ። ሰላም ማሸጊያው ላይ የታተመውን የዛፍ ምልክት በጣቷ እየመታች፣ «እትዬ፣ ይኸው ዛፉ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋሉ?» ብላ ሳቀች። ዛፉ ምን እንደሚል አላወቀችም። እንጨቱ በአግባቡ ከተያዘ ደን መምጣቱን ነው የሚናገረው፤ ስለ ሙጫው አንዳች አይልም። ጎንበስ ብዬ የሰሌዳውን ጠርዝ አየሁ። ሙጫው ደረት የሚጎዳ ጋዝ እንደማይተፋ የሚመሰክረው የዝቅተኛ ጋዝ ማኅተም እዚያው አለ፣ ጥርት ብሎ፣ ትክክለኛው። በጣቴ ዳሰስኩት። ቀና ብዬ «እነግራቸዋለሁ» ብቻ አልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እሷም ባለችበት፣ ቆሜ ተናገርኩ፤ «የዛፉ ምልክት ስለ ደን ነው። ምልክቱ ስለ ጋዙ የሚመሰክረው ነገር የለም።» ተቀመጥኩ። ማኅተሙን አላነሳሁም።

«ወይ ጉድ! ልጆቻችንን ልታስጨርስልን ነበር?» አለች አንዷ እናት።

ዋሸሁ? አንድም ቃሌ ስህተት አልነበረበትም። አውቄ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ውሸት ብናገር ኖሮ እኮ ምናልባት እደነግጥ ነበር። ሰላም ሳቋ ጠፍቶ፣ «አላወቅኩም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። ከዓይኗ ይልቅ እኔን አመነች። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ፣ ወሬው ዞረ፣ ካቢኔት ቤቱም ተዘጋ።

ከዚህ የባሰው ግን ወደ በኋላ ነው። ፒከሪንግተን ቤቴ ድረስ መጣች፤ ልታመሰግነኝ! «እርስዎ ባይኖሩ የስንቱን ልጅ ደረት አበላሽ ነበር» አለችኝ። ከዚያው ሰሌዳ ለልጇ አልጋ ሠርታላት ነበር። ልጅቷ አስም አለባት። አልጋውን ከባሏ ጋር ሰባብረው ጥለውታል። «በገዛ እጄ አሳመምኳት፣ እትዬ» ብላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

አስሙ አልጋው ከመሠራቱ አስቀድሞ የነበረ ነው። ያኔ ልጅቷ ስትታመም ሆስፒታል ሄጄ የጠየቅኳት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። አልጋውም ጤነኛ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ምን አልኩ? «አይዞሽ» አልኩ። ውሃ ቀዳሁላት። እንዲያ ተጠምጥማብኝ ስታለቅስ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ከብዶኛል፤ ደስ አለኝ።

አሁን እዚያው ዌርሃውስ ተመልሳ ዕቃ ታሽጋለች። ቤተ ክርስቲያን ልጅቷ በሳለች ቁጥር ሰላም አንገቷን ትደፋለች። አያታለሁ፤ ዝም እላለሁ።

እናንተ የምታነቡ፣ ገና አትፍቱኝ። ቅናት ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ሰው ነኝ ብዬም አላመልጥም። «ልጅሽን ያሳመምሻት አንቺ አይደለሽም» ብላት የእናትነቷ ሸክም ይወርድላት ነበር። ይህን ሁሉ ለእናንተ ጻፍኩ። ለእሷ ግን እስካሁን አልነገርኳትም።