በማሽላ ጉድጓድ አፍ ላይ

ኮሮና በገባበት ዓመት፣ ረመዳን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው የሆነ ነው። የማሽላ ጉድጓድ ሲከፈት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ከቆቦ ወጣ ብዬ ነው። ስድሳን አልፌያለሁ፤ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። አስምም አለብኝ። ደሴ ያለችው ልጄ ሰዓዳ ደውላ፣ «እማ፣ ይህ በሽታ አንቺን ካገኘ አይምርሽም። የሚያስፈልግሽን አንድ ጊዜ ሸምቺና በርሽን ዝጊ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ካልኩ እሺ ነው።

አፌን በሻሽ ሸፍኜ፣ የማውቀውን ሰው ሁሉ በሩቁ እየተሳለምኩ ቆቦ ገበያ ሄድኩ። ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የአስም መድኃኒቴን፣ ለማፍጠሪያም ተምር ገዛሁ። ባለሱቁ፣ «እትዬ ዘይነባ፣ አጠገቤ ሱቅ ሊከፍቱ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

የቀረኝ እህል ነበር። እህሉ ደግሞ ጓሮዬ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

በእኛ አገር ማሽላ መሬት ውስጥ ይቀበራል። የጉድጓዱ አፍ በድንጋይ ተዘግቶ በጭቃ ይመረጋል። ሲከፈት ጎረቤት ይጠራል፤ አንዱ ይወርዳል፣ ሌላው በገመድ ይስባል፣ ሴቶቹ ያበጥራሉ፣ ሁሉም የድርሻውን ቋጥሮ ይሄዳል። እኔ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ያ ሁሉ ሰው ጓሮዬ ከተሰበሰበ በር መዝጋቴ ምን ሊረባኝ? ማንም ሳይሰማ እኔው አወጣዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ።

ሱብሂ እንደሰገድኩ ጭቃውን በዶማ ፈነቀልኩት። ጉድጓድ እንደተከፈተ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ የታፈነው አየር ይገድላል። ባለቤቴ ሁልጊዜ ከፍቶ ያሳድረው ነበር። ካሳደርኩት ግን ጎረቤት ያየዋል። ፀሐይ ሞቅ እስክትል ጠበቅሁና ይበቃል አልኩ። መሰላሉን አስገባሁ፤ ቢስሚላህ ብዬ መውረድ ጀመርኩ።

ወገቤ ድረስ እንደገባሁ፣ «እናቴ፣ መቼ ነው የከፈቱት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማላውቀው ጎልማሳ አጥሩ ዘንድ ቆሟል። መኪና ስለተከለከለ ከዋጃ በእግሩ እየመጣ ነው፤ አቧራ ለብሷል። ውኃ ሊለምን ነበር የቆመው።

«ዛሬ ጠዋት» አልኩት።

«ይውጡ።»

«አትቅረበኝ፣ በሽታ አለ።»

«በሽታውስ ይድናል። ይውጡ።»

አጥሩን ዘሎ ክንዴን ያዘና ጎትቶ አወጣኝ። ተቆጣሁ። ያን ያህል የተጠነቀቅሁትን በአንድ አፍታ አበላሸብኝ።

«ኩራዝ አለ?» አለኝ። ለኩሼ ሰጠሁት። በገመድ አስሮ ወደ ጉድጓዱ አወረደው። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ጠፋ። ደግሞ ለኮስን፤ ደግሞ ጠፋ።

«ይኸው፣ እርስዎም እንዲህ ሊሆኑ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን ሁሉ ዘይትና ሳሙና የሸመትኩት ለመኖር ነበር።

ውኃ ጠጥቶ መንገዱን እንዲቀጥል ነገርኩት። «ማርያምን፣ ይህን ትቼ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም» አለ። ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ በገመድ አስሮ የታፈነው አየር እንዲወጣ ጉድጓዱ ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ያደርግ ጀመር። አረፍ እያለ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ፣ እስከ አሱር ድረስ ቆየ። በመጨረሻ ኩራዙ ታች ደርሶ ሳይጠፋ ሲቀር ራሱ ወረደ። እሱ በትንሽ ከረጢት እየሞላ፣ እኔ እየሳብኩ አወጣነው። መራቄን አይቶ ከታች፣ «እናቴ፣ በሽታ በገመድ አይወጣም፣ ቀረብ ብለው ይሳቡ» ሲለኝ ሳቅሁ።

ማሽላ ልስፈርለት ብል፣ «መንገዴ ሩቅ ነው፣ ሸክም አልችልም» አለ። ተምርና ውኃ አቀረብኩለት። ድንጋይ ላይ አስቀምጬ መራቅ እችል ነበር። በእጄ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ በሬን ዘጋሁ። ያን ማሽላ እስከ ክረምት በላሁት፤ ለጎረቤቶቼም የድርሻቸውን ደጃፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በሽታው ቤቴ አልገባም፣ አልሐምዱሊላህ። ለሰዓዳ ይህን ነግሬያት አላውቅም። ካነበበችው እንግዲህ ትወቀው።

ቀኑን ሙሉ አብረን ስንሠራ ውለን የሰውየውን ስም ሳልጠይቅ ቀረሁ። ከሰላት በኋላ ዱዓ ሳደርግለት፣ «ያ ከዋጃ በእግሩ የመጣው» እላለሁ። አላህ የትኛው እንደሆነ ያውቃል።